የኤፍራታ ስድስት ሺህ

ትርንጎ ጠዋት መጀመሪያ የምትሄደው የልጇን ነው። የልጅ ይቀድማል። ጎህ ሲቀድ የኤፍራታን የእርምጃ ቆጣሪ ከመሳቢያ ታወጣለች፣ ቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ታስረዋለች፣ ወፍራም ካልሲ ትስብበታለች፣ ረጅም ቀሚሷን ትለቅበታለች። የራሷን ቆጣሪ ቤት ትተወዋለች። ሁለቱን አብሮ ማሰር አያዋጣም። ቆጣሪ በታደለ ሰሞን አንድ የጠባሴ ሰው የሚስቱንና የራሱን በአንድ እግር አስሮ ሲሄድ የእርምጃ ቢሮው በሦስተኛው ቀን ደርሶበታል። ሁለት ሰው በአንድ ቅጽበት አንድ ድንጋይ አያደናቅፈውም።

ከዚያ በበሬሳ ወንዝ ዳር የተነጠፈውን መንገድ ይዛ ስድስት ሺህ ትሄዳለች። ለልጇ ስትሄድ ትፈጥናለች። ኤፍራታ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እንደ አርባ ስድስት ዓመት ሴት እግሯን አትጎትትም። ስድስት ሺህ ሲሞላ ቆጣሪው ሁለት ጊዜ ይንዘርና ለዚያ ቀን ይዘጋል። ትርንጎ ቤት ትመለሳለች፣ ቆጣሪውን መሳቢያ ውስጥ ትከተዋለች፣ የራሷን ታስራለች፣ ቁርስ ታቀርባለች። የራሷ ስድስት ሺህ ቀኑን ሙሉ እየተቆራረጠ ይሞላል። ሥራዋ የብርድ ልብስ ጠርዝ መስፋት ነው፣ የመቀመጥ ሥራ። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ሲበሉ እሷ አውድማ ላይ እንዳለ በሬ ግቢውን ትዞራለች።

እንዲህ ሆና ስምንት ዓመት ኖረች። ውርጭ አይቀር፣ ክረምት አይቀር። አንድ ቀን ብቻ ትኩሳት አልጋ ላይ ጥሏት የልጇን ሳትሄድ ቀረች። በማግሥቱ ከበሩ በላይ ያለው መብራት ቢጫ ሆኖ ስታየው ከነትኩሳቷ ወጣች።

በከተማው ያለ ቤት ሁሉ ከበሩ በላይ መብራት አለው። እርምጃውን ለሞላ ቤተሰብ አረንጓዴ ነው፣ ላጎደለ ቢጫ፣ ላጭበረበረ ቀይ። መሄድ የማይችል ሰው ያለበት ቤት ይመዘገብና ሰማያዊ ይበራለታል፤ ከዚያ ወዲያ እርምጃ አይጠየቅም። ሰማያዊው የወጣው በደግነት ነው ይባላል። ሰዉ ግን «ሰማያዊ በር» ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሽማግሌ የሚልክ ሰው የልጅቱን መልክ ከማየቱ በፊት ቀና ብሎ በሩን ያያል። ትርንጎ ይህን ስትሰማ ነው ያደገችው ማለት አይቻልም፤ መብራቱ ከመጣ አሥር ዓመት አይሞላውም። ግን ሲናገሩ የሰማችው ወዲያው ገባት። ማስተማር አላስፈለጋትም።

ኤፍራታ ስትወለድ ጀምሮ ግራ እግሯ አልጸናም። በሁለት ክራንች ነው የምትሄደው። ቆጣሪው ሲታደል ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አባቷ በሞተ በዓመቱ ነው፤ እናትና ልጅ ወደ አዲሱ ፎቅ ገና መግባታቸው ነው። ትርንጎ ቀበሌ ሄዳ ተሰለፈች። ጸሐፊው «ከቤተሰቡ መሄድ የማይችል አለ?» ሲላት ከኋላዋ አዲሶቹ ጎረቤቶቿ ቆመው ነበር።

«የለም» አለች።

ሁለት ቆጣሪ ተቀብላ ወጣች።

ልጅቱ የዚያን ዕለት ቆጣሪውን አገላብጣ አይታ፣ «እማ፣ እኔ ስድስት ሺህ እንዴት አድርጌ እሄዳለሁ?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ እሄድልሻለሁ። ተፈቅዶልኛል። እናት ለልጇ መሄድ ትችላለች ብለዋል።»

ኤፍራታ አመነች። ለምን አታምንም? እናት ለታመመ ልጇ ትጾማለች፣ ትሰግዳለች፣ ሱባኤ ትገባለች። ይህን እግዜር ከተቀበለ ቀበሌ የማይቀበልበት ምክንያት ለዘጠኝ ዓመት ልጅ አይታያትም። ትምህርቷንም ቤት ሆና በስክሪን ስለምትማር የሚጠይቃት፣ የሚያርማት ሰው አልነበረም። ይህንንም ያደረገችው ትርንጎ ናት። ደረጃው ያዳልጣል ትላለች።

*

ትርንጎ ማንበብ የጀመረችው በዚህ ዓመት ነው፣ በ2074። ፊደል ሳይቆጥሩ መኖር በዘመኑ ነውር አይደለም። ጆሮ ላይ የምትንጠለጠለው አንባቢ መሣሪያ ፊት ለፊቷ የመጣውን የታተመ ነገር ሁሉ ታነባለች፤ የመድኃኒት ዕቃ፣ የመንገድ ስም፣ የቀበሌ ማስታወቂያ። ትርንጎ በልጅነቷ መንዝ ውስጥ ትምህርት ቤቷ በተዘጋ ጊዜ የቀረባትን ፊደል አንድም ቀን ፈልጋው አታውቅም ነበር።

ባለፈው መስከረም ግን ታክሲ ውስጥ ከክሊኒክ የመጣ ወረቀት ገለጥ ብታደርግ፣ አንባቢዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «የልጅዎ የወይዘሪት ኤፍራታ የግራ ዳሌ መገጣጠሚያ» ብላ ጀመረች። ታክሲው ሙሉ ሰው ዞር አለ። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት፣ «እግዜር ይማርልሽ እናቴ» አለቻት።

«የእህቴ ልጅ ናት» አለች ትርንጎ።

እህት የላትም።

በሳምንቱ የጎልማሶች ትምህርት ተመዘገበች። ምስጢሯን ድምፅ ሳይኖረው ማንበብ ፈለገች፤ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ዘጠኝ ሆነው ይማራሉ። አስተማሪዋ መምህርት ጽጌ የልጆቻቸው እኩያ ናት፤ ሁሉንም «እትዬ»፣ «ጋሼ» እያለች ነው የምታርማቸው።

አንድ ማክሰኞ የአዳራሹ ወለል ላይ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማና ጋሽ አጥላባቸው ገቡ። ጋሽ አጥላባቸው ድሮ መካኒክ ነበሩ፤ ቀኝ እግራቸውን ማሽን ወስዶታል። ከትርንጎ ፎቅ ቀጥሎ ባለው ፎቅ ምድር ቤት ይኖራሉ፣ ሰማያዊ በር ነው። ክራንቻቸው ከላይ እስከ ታች በብርድ ልብስ ቁርጥራጭ ተጠምጥሟል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር።

«ምነው ጋሼ፣ ክራንቹን አለበሱት?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ደብረ ብርሃን ነዋ! ይሄኛው እግሬ ብርድ አይችልም።»

ክፍሉ ሳቀ። ጋሽ አጥላባቸው ወንበር ስበው ተቀመጡና የመጡበትን ተናገሩ። የሚመጣው እሑድ የሰፈሩ ክራንች፣ ምርኩዝ፣ ዊልቸር ሁሉ አደባባይ ይወጣል። ባለቤቶቹ በየጓሯቸው ቀለም እየቀቡ፣ እየጠለፉ፣ ዛጎል እየሰፉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ሥዕሉ አልቋል፤ የቀረው ጽሑፍ ነው።

«ለእያንዳንዱ ሰሌዳ ትጽፉልኛላችሁ። በእጅ።»

«ማሽን እያለ?» አለች መምህርት ጽጌ እየሳቀች።

«ማሽን አልፈልግም። የእጅ ጽሑፍ ሲሆን ጆሮ ላይ ያለችው አታነበውም። ሰዉ ወይ ቆሞ ራሱ ያነባል፣ ወይ አጠገቡ ያለውን ያስነብባል። አለዚያማ እያለፈ ይሰማና ይሄዳል፣ እንደ ዜና።» ከዚያ ዞር ዞር ብለው አዩ። «ከመካከላችሁ እቤቱ ክራንች ያለው አለ?»

ሁለት ሰዎች እጃቸውን አወጡ። ትርንጎ ደብተሯን እያየች የጻፈችውን «በ» ደግማ አደመቀችው። ወረቀቱ እስኪቀደድ።

*

ደብዳቤው በማግሥቱ ረቡዕ ደረሰ። ከተሃድሶ ማዕከል ነው። ኤፍራታ በራሱ የሚሄድና ደረጃ የሚወጣ ወንበር ጠይቃ አራት ወር ስትጠብቅ ነበር። ክራንች ከመደገፍ ብዛት ትከሻዋ አብጧል፤ የእጅ አንጓዋ ጠዋት ጠዋት አይታጠፍም። ሐኪሙ እንዲህ ከቀጠለ በሁለት ዓመት ውስጥ እጇም እንደ እግሯ ይሆናል ብሏል።

ትርንጎ አንባቢዋን ከጆሮዋ ነቅላ ኪሷ ከተተች። ሥራ ቦታዋ ከሱፍ ክምሩ ኋላ ተቀምጣ ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ማንበብ ጀመረች። በሕይወቷ ብቻዋን ያነበበችው የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ደስ አላት፤ ያነበበችው ነገር የገባት ከደስታው በኋላ ነው።

«የአመልካች መዝገብ ባለፉት ስምንት ዓመታት ከአንድ ቀን በስተቀር ሳታቋርጥ በየቀኑ ስድስት ሺህ እርምጃ መሄዷን ያሳያል። በመሆኑም ወንበር አያስፈልጋትም። በጤንነቷ ደስ ብሎናል። ቅሬታ ካለ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይቅረብ።»

እንደገና አነበበችው። ምናልባት ተሳስታ ይሆናል፤ ገና ጀማሪ ናት። አልተሳሳተችም።

ቤት ስትገባ ኤፍራታ በሞቀ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ጥላ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች።

«እማ፣ ደብዳቤ መጣ?»

«ገና ነው፣ እናቴ።»

ደብዳቤው ጡቷ ሥር ነበር። ስትናገር ወረቀቱ የተንኮሻኮሸ መሰላት።

*

ሐሙስ ጋሽ አጥላባቸው በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር ብብታቸው ሥር ይዘው መጡ። ሌሎቹ ተማሪዎች ሰሌዳቸውን ተቀብለው መጻፍ ጀምረዋል። እሳቸው ቀጥ ብለው ወደ ትርንጎ ሄዱ።

«ይሄ ያንቺ ነው። አንቺ እንድትጽፊለት ባለቤቷ ናት የጠየቀችው።»

አንሶላውን ገለጡት። ትርንጎ ክራንቾቹን ከማየቷ በፊት መያዣውን አወቀችው። በስተግራ ያለው መያዣ ላይ ላስቲኩ ሲላጥ በገዛ እጇ በብርድ ልብስ ጠርዝ የሰፋችው እሷ ናት።

ኤፍራታ አሮጌዎቹ ይቀሉኛል እያለች በእነሱ እየሄደች እነዚህን ሁለት ወር ስትቀባ ከርማለች፤ እናቷ ሥራ ስትውል ደረጃውን እየወረደች፣ በጋሽ አጥላባቸው ጓሮ። ከታች ከጎማው ጀምሮ እስከ ብብት መደገፊያው ድረስ ብረቱን እየዞሩ የሚወጡ እግሮች ሥላለች። እያንዳንዷ እግር የምስር ፍሬ ብታክል ነው፤ አምስት ጣት ግን አላት። የጠዋት ውርጭ በነጭ ነጠብጣብ፣ ክረምቱ በሰማያዊ መስመር። ሁለቱ ክራንች ሙሉ እግር ነው።

«ለሄድሽላት ቀን ሁሉ አንድ እግር» አሉ ጋሽ አጥላባቸው። «ቆጥራዋለች። አንዷ ቦታ ብቻ ባዶ ናት፣ እዚህ ጋ። የታመምሽበት ቀን ነው አለችኝ።»

ትርንጎ ባዶዋን ቦታ በጣቷ ነካቻት።

«እቤቴ ክራንች የለም ብለሽ ነበር» አሉ ሽማግሌው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አላልኩም። ዝም ነው ያልኩት።»

«እሱስ እውነት ነው። እጅሽ ነው ዝም ያለው።»

«ጋሼ፣ ምን ነገረችዎት?»

«‹እናቴ ተፈቅዶላት ለእኔ ትሄድልኛለች› አለችኝ። እንደ ቁም ነገር፣ ኮርታ። እኔ ሰማያዊ በር ስኖር ስምንት ዓመቴ ነው፣ እንዲህ ያለ ፈቃድ ሰምቼ አላውቅም። አላረምኋትም። የእኔ ነገር አይደለም ብዬ።»

ትርንጎ አንሶላውን መልሳ ሸፈነችው። «እሑድ የእርምጃ ቢሮ ሰዎች ይመጣሉ?»

«ተጠርተዋል።»

«ይፋቅልኝ። በሞቴ ጋሼ። ብርጭቆ ወረቀት አያጡም።»

«ብርጭቆ ወረቀት ሞልቶኛል። ባለቤቷ ትዘዘኝ እንጂ ዛሬውኑ እፍቀዋለሁ።» ክራንቻቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «ሂጂና አንቺው አስፈቅጂያት። በፈቃድ የተካንሽ ነሽ።»

*

ኤፍራታ እናቷ ክራንቾቹንና ባዶ ሰሌዳውን ይዛ ስትገባ ስታይ ሳቀች። «ጋሼ ቀደሙኝ! ሰሌዳውን ብቻ ነበር የሚሰጡሽ፤ ክራንቾቹን እሑድ አደባባይ ላይ እንድታዪያቸው ነበር እኮ ሐሳቤ። ወደድሻቸው?»

ትርንጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከበሩ እስከዚህ ድረስ የምትለውን አዘጋጅታ ነበር፤ ቀለሙ አላማረም፣ ዝናብ ያበላሸዋል፣ ሰው ያሾፋል። አንዱም አልወጣት አለ። ከጡቷ ሥር ደብዳቤውን አውጥታ ሰጠቻት።

ኤፍራታ አንብባ ጨረሰች። እሷ ግማሽ ደቂቃም አልፈጀባት።

«ይሄማ ስህተት ነው» አለች። «አንቺ እንደምትሄጂ ያውቃሉ አይደል? ፈቅደውልሽ የለም?»

ትርንጎ የብርድ ልብሱን ጠርዝ አስተካከለች።

«እማ።»

«አልፈቀዱም።»

«እና ማን ነው የፈቀደው?»

«ማንም።»

ውጪ ደረጃው ላይ ሰው እያወራ አለፈ። ድምፁ እስኪርቅ ሁለቱም ጠበቁ፤ ዝም የማለት ልማድ ነው፣ እንግዳ ነገር አልነበረም።

«እንዲያ ከሆነ መዝገቡ ላይ ያለችው ኤፍራታ ማናት?» አለች ልጅቱ። ድምፅዋ አልጮኸም። «ጠዋት ጠዋት ወንዝ ዳር የምትፈጥነው። ጤነኛዋ። እሷን ነው የሚያውቋት። በጤንነቷ ደስ ያላቸው በእሷ ነው። እኔን የሚያውቀኝ የለም ማለት ነው።»

«ልጄ፣ ሰማያዊ መብራት በርሽ ላይ እንዳይበራ ብዬ ነው። ነገ ትዳር አለ፣ ሰው አለ፣ ሰው ምን ይላል…»

«በእኔ አፍረሽ ነው።»

«ለአንቺ ብዬ…»

«በእኔ አፍረሽ ነው፣ እማ። አዎ በይኝ፣ ሌላ ምንም አልልሽም።»

ትርንጎ ወለሉን አየች። «አዎ» አለች።

ኤፍራታ አሮጌዎቹን ክራንቾች አነሣች። አያያዟ የእጅ አንጓዋ እንደማይታጠፍ እያሳበቀ ወደ መኝታዋ ሄደች። በሩ ላይ ሳትዞር ቆመች። «ሥዕሉ አይፋቅም። ሦስት ሺህ ሊሞላ ምንም ያልቀረው እግር ነው የሣልኩት። ሰሌዳውን ጻፊው። ግን ተፈቅዶላታል ብለሽ እንዳትጽፊ።»

ዓርብና ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ አልተነጋገሩም። ትርንጎ ቅዳሜ ጠዋት የልጇን ቆጣሪ ከመሳቢያው ልታወጣ ሄዳ እጇ መሳቢያው ላይ ቀረ። ከዚያ ወጥታ የራሷን ብቻ ሄደች። ስትመለስ መብራቱ ገና አረንጓዴ ነበር፤ የሚለወጠው በማግሥቱ ነው። ሰሌዳውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እስከ ከሰዓት በኋላ ጻፈች፣ ደመሰሰች፣ ጻፈች።

*

እሑድ አደባባዩ ላይ ሰላሳ ምናምን ክራንችና ዊልቸር በገመድ ታጥሮ ቆሟል። አንዱ ዊልቸር ጎማው በስንደዶ ተሰፍቷል። የአንዲት አሮጊት ምርኩዝ አንገቱ ላይ የግመል ቃጭል አለው፤ «መንገድ ልቀቁ ማለት ደከመኝ» ይላል ሰሌዳው። ሰዎች ይመጣሉ፣ ጆሯቸውን ወደ ሰሌዳው ያዘነብላሉ፣ አንባቢዎቻቸው «ጽሑፉ አልተለየም» ሲሏቸው ግራ ገብቷቸው ይቆማሉ። ከዚያ ዞር ብለው የሚያነብ ሰው ይፈልጋሉ። ጋሽ አጥላባቸው ወዲያ ወዲህ እያሉ «እዚያ አለች! ተማሪዋን ጠይቁ!» ይላሉ።

ትርንጎ ከኤፍራታ ክራንቾች አጠገብ ቆማለች። ኤፍራታ ትንሽ ራቅ ብላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ ጀርባዋን አልሰጠችም፣ ፊቷንም አልሰጠችም።

መጀመሪያ የመጡት ጥቁር ሻሽ ያሠሩ አሮጊት ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ይቺ ጆሮዬ ላይ ያለችው አልገባኝም ትላለች። እስቲ ምን ይላል?»

ትርንጎ ጉሮሮዋን ጠረገች። ጣቷን ከፊደሉ ሥር አስገባች፤ ያለ ጣት ገና አይሆንላትም።

«‹ይህ የልጄ የኤፍራታ ክራንች ነው። ልጄ ስድስት ሺህ አትሄድም። ስምንት ዓመት የሄድኩት እኔ ነኝ። ማንም አልፈቀደልኝም። ሰማያዊ መብራት አሳፍሮኝ ነው። በዚህ ምክንያት ወንበር ከለከሏት። ትርንጎ ወርቅአገኘሁ።›»

አሮጊቷ ክራንቾቹን፣ ከዚያ ሰሌዳውን፣ ከዚያ እሷን አዩ።

«የማን እጅ ነው?»

«የእኔ።»

«ፊደልሽ ጠማማ ነው።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ነገሩም።»

«አዎ።»

አሮጊቷ ሳይመርቁም ሳይራገሙም ሄዱ። ቀጥሎ ባልና ሚስት መጡ፤ አነበበችላቸው። አንድ ሰውዬ ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ መጣ፤ አነበበችለት። እየደጋገመችው ስትሄድ ይቀላል ብላ ነበር፤ አልቀለለም። «አሳፍሮኝ» የሚለው ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ጣቷ ይቆማል።

ከዚያ ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት ወይዘሮ ዝማም መጡ። በዚያ ቀን ቀበሌ ሰልፉ ላይ ከኋላዋ የቆሙት እሳቸው ናቸው። አንብባላቸው ስትጨርስ ክንዷን ያዙ።

«አይ ትርንጎ። እናውቅ ነበር እኮ።»

«ምኑን?»

«ስምንት ዓመት ሙሉ በጣሪያዬ ላይ የሚሄደው ክራንች የማን ይመስለኛል? ሁላችንም እናውቃለን። ደረጃ ላይ ስንሰማት እንዳታፍሪ ብለን በራችንን ገርበብ እናደርጋለን። ይሉኝታ ነው እንጂ።»

ትርንጎ በየማለዳው ጨለማ ለብሳ የወጣችው፣ ካልሲ ላይ ካልሲ የደረበችው ማንም ላልተሸወደበት ነገር ነው። የተሸወዱት መዝገቡና ልጇ ብቻ ናቸው።

የእርምጃ ቢሮ ነርሷ ሲስተር ረድኤት የመጣችው ያኔ ነው። የቢሮውን ካፖርት ለብሳለች፣ ወጣት ናት፣ ፊቷ የደከመ ነው። ክራንቾቹን ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየች። «እንዴት ያምራል» አለች። «እትዬ፣ ምን እንደሚል ያነቡልኛል?»

እዚህ ጋ ሌላ ነገር ማንበብ ይቻል ነበር። ሰሌዳው ላይ ያለውን ከትርንጎ በቀር የሚያጣራ የለም፤ አንባቢዋ አታውቀውም፣ ሲስተር ረድኤትም ፊደል ከተወች ቆይታለች። ወይዘሮ ዝማም ክንዷን ጠበቅ አደረጓት፤ አታንብቢ ነው የሚሉት። ትርንጎ ቀና ስትል ኤፍራታ ፊቷን ወደ እሷ አዙራለች።

ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አስገባች። ከዳር እስከ ዳር አነበበችው።

ሲስተር ረድኤት ካፖርቷን እየቆለፈች አዳመጠች። «ይሄ ጌጥ ነው ወይስ ማመልከቻ ነው?»

«እውነት ነው።»

«እንግዲያ ማየት አልነበረብኝም። አሁን ግን አየሁት።» ድምፅዋ ክፋት አልነበረበትም። «የስምንቱ ዓመት መዝገብ ይሰረዛል። በራችሁ ሠላሳ ቀን ቀይ ይሆናል። በእነዚያ ሠላሳ ቀናት ቆጣሪው ከልጅቱ እግር አይወርድም። ከዚያ ማዕከሉ ወንበሩን እንደገና ያያል።»

«ይሰጧታል?»

«የሠላሳ ቀኑ ቁጥር ነው የሚናገረው፣ እትዬ። እርስዎም እኔም አይደለንም።»

*

ሰኞ ትርንጎ እንደ ልማዷ ጎህ ሲቀድ ነቃች። እጇ ወደ መሳቢያው ሄደ። ባዶ ነው። ወንዝ ዳር የሚሄደው ሰው ሁሉ አልፎ እስኪያልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ያ ሰዓት ሌላ ምን እንደሚሠራበት አታውቅም።

ከሥራ ስትመለስ ቀዩ መብራት በርቷል። በቀን ብርሃን ደብዘዝ ያለ ነው፤ ደረጃውን የሚወጣ ሁሉ ግን ቀና ብሎ ያየዋል። እሷም ቀና ብላ አየችው፣ ገባች።

ኤፍራታ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቀለም የተቀባው ክራንች አጠገቧ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከሐሙስ ወዲህ ቃል ያልወጣት ልጅ ቀኝ እግሯን ወደ እናቷ ዘረጋች።

«አንብቢው» አለች።

ትርንጎ ነጠላዋን ሳታወርድ ተንበረከከች። ካልሲውን ዝቅ አደረገች። የቆጣሪውን ገመድ አወቀችው፤ ስምንት ዓመት በራሷ እግር ቅርጽ ጎብጧል፣ ለኤፍራታ ቁርጭምጭሚት ይሰፋታል። በጣቷ ቁጥሩን ተከተለች።

«አራት መቶ… አሥራ ሰባት።»

«ከአልጋ እስከ መታጠቢያ» አለች ኤፍራታ። «ከመታጠቢያ እስከ መስኮት። ደረጃውን ወርጄ፣ ጋሽ አጥላባቸውን ሰላም ብዬ፣ ተመለስኩ። ትከሻዬ ዛሬ ሌላ አይችልም።»

የልጇን እርምጃ ስምንት ዓመት ተራምዳለች። ልጇ በቀን ስንት እንደምትራመድ ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም ነበር።

ትርንጎ ከወለሉ አልተነሣችም። ጣቷን መልሳ ከቁጥሩ ሥር አስገባችና እንደገና አነበበችው።